ታዳሽ ነዳጅ ለማን? ከመኪናው ታንከር እስከ ሶስት ጉልቻው



ሱረቱ ያሲንን ስንቀራ ወደ መጨረሻዋ ገደማ፣ በ80ኛው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ) ከእርጥብ ዛፍ እሳትን እንዳደረገልን የሚያወሳውን ቃል እናገኛለን። ሙፈሲሮች ይህን ሲያብራሩ በሒጃዝ ምድር የሚበቅሉ መርኽና ዐፋር የሚባሉ ሁለት ዛፎችን ይጠቅሳሉ። ዐረቦች የሁለቱን ቅርንጫፎች ገና እርጥብ እንደሆኑ እርስ በርስ አፋትገው እሳት ይጭሩ ነበር። የአንቀጹ ዋና መልእክት ከሞት በኋላ ስለመቀስቀስ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ እሱን ምክንያት አድርገን ስለ ነዳጁ ራሱ ትንሽ ልንማማር ፈለግን። ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ "ታዳሽ ኃይል" የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ግድብ፣ የንፋስ ተርባይንና የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ታዳሽ ነዳጅ ግን ከዚህ ለየት ያለ ነገር ነው። የሚቃጠል ነገር ነው፤ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ ከሞላሰስ የሚወጣ ኢታኖል፣ ከዘይት ፍሬ የሚጨመቅ ባዮዲዝል፣ ከእበት የሚገኝ ጋዝ።

ቤንዚንና ናፍጣም ቢሆኑ መነሻቸው ሕይወት ያለው ነገር ነበር፤ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በባሕር ውስጥ የነበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ተቀብረው፣ ተጭነውና በሙቀት ተለውጠው የተገኙ ናቸው። ልዩነቱ ጊዜ ላይ ነው። ታዳሽ የምንለው እኛ አቃጥለን ሳንጨርሰው፣ በእኛ ዕድሜ ውስጥ መልሶ የሚበቅለውን ነው። ከዚህ ትርጉም አንድ ነገር ይከተላል፤ ዛፍ በራሱ ታዳሽ አይደለም። ከሚያድግበት ፍጥነት በላይ ከተቆረጠ እንደ ድንጋይ ከሰል አንዴ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነዳጅ "ታዳሽ ነው" ሲባል ወዲያው ደስ ከማለታችን በፊት ከየት ተወስዶ እንደመጣና ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ አለብን። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ በአገራችን ያየናቸው ሙከራዎችም ይህን በደንብ ያሳያሉ።

በመጀመሪያ ያለንበትን እንወቅ። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ዘጠኝ አስረኛ ገደማው የሚመጣው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ፣ በዋናነት በጅቡቲ በኩል፣ በዶላር ተገዝቶ ይገባል፤ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ይወጣበታል። የኢነርጂ ፖሊሲ ክርክራችን ሲነሳ ታዲያ ድምፁ የሚሰማው የሦስተኛው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዶላር ይቆጠራል፣ ሰልፍ ይታያል፣ የታክሲ ታሪፍ ይጨምራል። እናቶቻችን በጀርባቸው የሚያመጡት የማገዶ ሸክም ግን በየትኛውም የጉምሩክ ሰነድ ላይ አይመዘገብም።

የሞላሰሱ ነገር

ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። ውስጡ ያለውን ስኳር ማውጣት ከዚያ በኋላ ስለማያዋጣ ለፋብሪካ እንደ ሸክም ነበር። ይህን ሞላሰስ በእርሾ አብላልቶና አጣርቶ ኢታኖል ማውጣት ይቻላል፤ ከአንድ ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ገደማ ይገኛል። በወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይህን ሥራ ቀድሞ ጀመረ፤ መተሐራ ተከተለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ የሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር ብለን እናምናለን። አዲስ መሬት አልተወሰደበትም፣ የማንም እንጀራ አልተቀነሰበትም፤ ሊጣል የነበረ ነገር ነው ነዳጅ የሆነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። የፊንጫ ማጣሪያ መጀመሪያ ላይ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የማምረት አቅም ነበረው። ይህ በ5 በመቶ ሲቀላቀል 160 ሚሊዮን ሊትር ቅልቅል ይወጣዋል፤ ሲሰማ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ሊትር ኢታኖል የሚይዘው ጉልበት ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጉልበት ስንለካው 8 ሚሊዮኑ ሊትር የሚተካው 5.3 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ቤንዚን ነው። በዚህ ላይ አገራችን ከቤንዚን ይልቅ እጅግ ብዙ የምታቃጥለው ናፍጣ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ ሁሉ የሚሄደው በናፍጣ ነው። ኢታኖል ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ናፍጣ ውስጥ አይገባም። የስኳር ፋብሪካዎቹ ምርት ሲወላወልም ቅልቅሉ አብሮ መወላወሉ አልቀረም። የነዳጅ ፖሊሲ በስኳር ፖሊሲ ትከሻ ላይ ሲቆም የሚሆነው ይኼው ነው።

በዚያው ዘመን ይኸው ኢታኖል ሌላ ሥራም ተገኝቶለት ነበር። ጋያ አሶሴሽን የተባለ አገር በቀል ድርጅት በጅጅጋ አቅራቢያ በሚገኘው የቀብሪበያህ መጠለያ ለሚኖሩ የሶማሊያ ስደተኞች የኢታኖል ምድጃ አድርሷል። ምድጃው መነሻው ስዊድን ነው፤ ኢታኖሉን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በሚይዝ ጣሳ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቢወድቅ አይፈስም፣ አይፈነዳም። ለእነዚያ እህቶች ትርጉሙ ትልቅ ነበር። በዚያ ደረቅ አገር እንጨት ፍለጋ ማለት ለሰዓታት መጓዝ፣ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር መጋጨት፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ መደፈር ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ጠብታ ኢታኖል ሁለት ቦታ አይቃጠልም። መኪናውም ፈለገው፣ ምድጃውም ፈለገው፤ ሦስተኛ ፈላጊም አለ፣ እሱም የአልኮል መጠጥ ፋብሪካው ነው። በመኪናው፣ በምድጃውና በጠርሙሱ መካከል ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም። ፖሊሲ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ጉሎና አይደርቄ

ሞላሰሱ ትርፍ ነገር ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን መሬት የሚፈልግ ነው። የ2007ቱ ስትራቴጂ ለባዮዲዝል ተክል የሚሆን ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዳለ ገምቶ ነበር። ተክሎቹ በዋናነት ጃትሮፋና ጉሎ ናቸው። ጃትሮፋን የወሎ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ በባቲና በአካባቢው አይደርቄ እየተባለ ለአጥር የሚተከለው ነው። ፍየል አትበላውም፣ ድርቅ ቶሎ አይገድለውም። ይህን ያዩ ሰዎች "በረሃ ላይ ዘይት የሚያፈልቅ ተክል" ብለው በዓለም ዙሪያ አስተዋወቁት። ያልተነገረው ቀሪው ግማሽ ነው። አይደርቄ በደረቅ መሬት ላይ ሳይሞት ይቆያል እንጂ ፍሬ በብዛት የሚሰጠው ውሃና ለም አፈር ሲያገኝ ነው። ውሃና ለም አፈር ያለው መሬት ደግሞ ማሽላም ያበቅላል።

"ጠፍ መሬት" የሚለውም ቃል በጥንቃቄ መታየት አለበት። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ለከብት አርቢው ግጦሽ፣ መሬት ለሌላት ሴት የማገዶ ቦታ፣ ለልጆች የበለስና የቁርቁራ ጫካ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች የሚጋሯቸውን ሦስት ነገሮች ሲቆጥሩ ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን ማንሳታቸውን እናውቃለን፤ እሳት የተባለው ባለቤት ከሌለው ምድር የሚለቀመውን ማገዶ ይጨምራል ያሉ ዑለማዎች አሉ። የጋራ የሆነን ግጦሽና ማገዶ ወስዶ ለመኪና ነዳጅ ማዋል ሲታሰብ እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ተነክተዋል ማለት ነው።

በምሥራቅ ሐረርጌ በፈዲስና በባቢሌ አካባቢ አንድ የጀርመን ኩባንያ ጉሎ ለማልማት መጥቶ ነበር። ከተሰጠው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያን የሚነካ ሆኖ ተገኘና ብዙ ክርክር አስነሳ፤ ኩባንያውም ሳይዘልቅ ቀረ። በየቦታው ፈቃድ ካወጡት የባዮዲዝል ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን እንናገር። ማርታ ነጋሽና ዮሐን ስዊነን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከማሳቸው በከፊሉ ላይ ብቻ ጉሎ ለኩባንያ በውል ያመረቱ ገበሬዎች ከሌሎቹ የተሻለ የምግብ ዋስትና እንደነበራቸው አሳይተዋል። እዚያ ገበሬው መሬቱን አልለቀቀም፤ ማሳው የራሱ ነው፣ የዘራው ከፊሉን ነው፣ ከምርቱም ጋር ገንዘብና ግብዓት አግኝቷል። ጉሎ ራሱ ሐላፊነት የለበትም ማለት ነው። መሬቱ በማን እጅ እንደቆየ ነው ውጤቱን የለየው።

ይህ ውጥረት የእኛ ብቻ አይደለም። ብራዚል ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ፣ በ1975፣ የሸንኮራ አገዳ ኢታኖል ፕሮግራሟን ጀምራ ዛሬ ያለ ኢታኖል የሚሸጥ ቤንዚን የሌላት አገር ሆናለች፤ ለዚህ ግን ሰፊ መሬት፣ በቂ ዝናብና የዓሥርተ ዓመታት ድጎማ አውጥታለች። አሜሪካ ከበቆሎዋ አንድ ሦስተኛ የሚበልጠውን ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ትልካለች። በሕዝብ ብዛት ትልቋ የሙስሊም አገር ኢንዶኔዥያ ናፍጣዋን ከፓልም ዘይት ጋር ትቀላቅላለች፤ ለዘይቱ የተመነጠረው ደን ዋጋውን ከፍሏል። እህል ከውጭ የምትሸምት አገር የእነዚህን መንገድ እንዳለ መቅዳቷ የሚያዋጣት አይመስለንም።

እበትና ኩበት

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። በደጋው አገራችን ዛፉ ባለቀበት ሁሉ ኩበት ማገዶ ሆኗል። ኩበት ሲቃጠል ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከባዱን የሚሸከሙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሁለተኛው አፈር ነው። እበት ማሳ ላይ ቢወድቅ ናይትሮጅኑ ለሰብሉ ይደርስ ነበር፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየሙ ነው። ገበሬው የጠፋውን ናይትሮጅን መልሶ በዩሪያ ከረጢት ይገዛዋል። ዩሪያው ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ችግራችን ከኩበት ጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ባዮጋዝ ለዚህ የተሠራ የሚመስል መፍትሔ ነው። እበቱ ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት የማብላያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ከግማሽ በላዩ ሚቴን የሆነ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ያለ ጭስ ይነዳል። ናይትሮጅኑ ግን በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ዝቃጭ ማሳ ላይ ይሄዳል። አንዱ እበት ሁለት ጊዜ ጠቀመ ማለት ነው። የብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ 14,000 ማብላያዎች ለመገንባት አቅዶ ከ8,000 ትንሽ በላይ ገንብቷል። ንድፉ ከኔፓል የመጣ ሆኖ እዚህ ሲስተካከል "ስንዱ" ተብሏል።

ለምን አልተስፋፋም? ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል። በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ለምታመጣ እናት ሌላ ሸክም ነው። ሲሚንቶ ተወዷል፤ ቫልቩ ሲበላሽ መለዋወጫ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ችግሩ እንጀራ ነው። ወጥና ቡና በባዮጋዝ እሳት ይበስላል። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውን የሸክላ ምጣድ እስከ ዳሩ እኩል ማጋል ግን ለአንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከባድ ነው። እንጀራ መጋገር ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ የማብሰያ ኃይል ከግማሽ በላዩን ይወስዳል። ስለዚህ ባዮጋዝ ያለውም ቤት እንጀራ ሲጋግር ወደ ሶስት ጉልቻው ይመለሳል። በአንጻሩ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ምርጥ ምድጃ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ ተራ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ምጣዱን ራሱን ታሳቢ አድርጎ ስለተነሳ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከብዙ ውብ ቴክኖሎጂ ይልቅ ይህ ምድጃ ለገጠሩ ቤት የበለጠ ሠርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ብቻ እንበል። በአፈር በተሸፈነ ክምር ከሰል ሲከሰል ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው አንድ አምስተኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በአፋር መሬቱን የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ ዛፍ ለከሰል ማዋል ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሰበብ አገር በቀሉ ግራርም አብሮ መቆረጡ አልቀረም።

የጦሃራ ጥያቄ

በዚህ ርዕስ ስንወያይ ሁለት ጥያቄዎች መነሳታቸው አይቀርም። ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ወይም ምድጃ ልብስ ላይ ቢነካ ሶላት ይበላሻል ወይ? የእበት ጋዝ ላይ የበሰለ ምግብስ? ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የሊቃውንቱን ልዩነት ግን ማወቅ ይጠቅማል። አስካሪን መጠጣት ሐራም መሆኑ ላይ ክርክር የለም። ኸምር በአካሉ ነጃሳ ነው የሚለው የአራቱ መዝሀቦች የብዙኃኑ አቋም ሲሆን፣ ረቢዓ፣ ለይስ ኢብን ሰዕድና የኢማሙ ሻፊዒይ ተማሪ ሙዘኒ ግን በአካሉ ንጹሕ ነው ብለዋል። ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀና ሊጠጣ የማይችል አልኮልን በተመለከተ በዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ለጽዳትና ለመሰል አገልግሎት መጠቀሙን ፈቅደዋል። እበትን በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪና በሐንበሊ ዘንድ ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ንጹሕ ነው። ነጃሳ ነው ያሉትም ቢሆኑ ጥቂት ጭሱን ይቅር ብለውታል፤ አያቶቻችን በኩበት ጋግረው ሲያበሉን የኖሩት ይህን ከሸይኾቻቸው ተምረው ነው። ለራሳችሁ ጉዳይ ግን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

አሁን ያለው ፖሊሲ

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። የሁለቱ አቅጣጫ አንድ ነው፤ መኪናውን ከዶላር አውጥቶ ወደ ወንዛችን ማስገባት። በበኩላችን ይህን እንደግፋለን። የቤንዚን መኪና እየቀነሰ ከሄደ የኢታኖል ቅልቅል ጉዳይም አብሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ ሞላሰሱ ወዴት ይሂድ? የእኛ መልስ ግልጽ ነው፤ ወደ ምድጃው ይሂድ። በከተማ ከሰልን፣ በመጠለያ ማገዶን ይተካ። ይህ እንዲሆን ግን የምድጃ ኢታኖል ዋጋ ከከሰል መብለጥ የለበትም፤ ግብሩ ከመጠጥ አልኮል ግብር ሊለይ፣ ወደ አረቄ እንዳይዞርም በፋብሪካው ላይ ሊጠጣ በማይቻል መልኩ ሊቀመም ይገባል።

"ግድቡ አልቆ የለም እንዴ፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይጋግር" የሚል ይኖራል። መሆኑስ መልካም ነበር። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ገና ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ ለሚሆነው ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሰፈሩ በሙሉ ጠዋት ላይ ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን በከተማ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በገጠር ጣሪያ ላይ የሚታየው ትንሹ የፀሐይ ሰሌዳ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ ምጣድ ግን አያግልም። ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት አብዛኛው ቤት የሚቃጠል ነገር ይፈልጋል።

የመካኒካልና የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ የምጣዱን ጥያቄ አስቡበት። በባዮጋዝ ወይም በኢታኖል እሳት 60 ሴንቲ ሜትሩን ምጣድ ከመሐሉ እስከ ዳሩ እኩል የሚያግል፣ የገጠር ብረት ሠሪ ሊሠራው የሚችል ማቃጠያ ምን ይመስላል? የሸክላው ውፍረት ቢቀነስ ስንት ሙቀት ይተርፋል? የግብርና ተማሪዎች ደግሞ ዝቃጩን ከዩሪያ ጋር በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዘርታችሁ መለካት ትችላላችሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከአንድ ሊትር የምድጃ ኢታኖል ላይ ግብሩ ቢነሳ ከከሰል ጋር ሲነጻጸር የአንድ ቤት ወርሃዊ ወጪ ስንት እንደሚሆን በሰፈራችሁ ገበያ ዋጋ ማስላት ትችላላችሁ። ሥራውን የጀመረ ካለ በጁሙዓ ከሶላት በኋላ በጀመዓው ቢሮ ያግኘን፤ ኢንሻአላህ ውጤቱን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።